ማን ይክፈል? ከጓደኛ ጋር ውጭ ስለ መብላት

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እስከ ዛሬ እዚህ ስቆም የማወራችሁ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ መዝገብ አያያዝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ከጓደኛ ጋር ሆቴል ቤት ገብቶ ስለ መብላት ነው። «የሂሳብ ሠራተኛዋ ምን ነካት፣ ቆጥቡ ስትለን ኖራ ዛሬ ብሉ ልትለን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን ከሥራዬ የራቀ አይደለም። ብዙ የሴቶች ወዳጅነት የሚቀዘቅዘው በጠብ ሳይሆን በሂሳብ ነው። እሱም ከሂሳቡ ብዛት ሳይሆን በግልጽ ካለመነጋገር የሚመጣ ነው። የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። በአገራችን ምግብ ገዝቶ መብላት ለረጅም ጊዜ ነውር ነበር። እንግዳ ቤት ይገባል፣ መንገደኛ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ያድራል እንጂ እንጀራ በገንዘብ አይበላም ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ዛሬም በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ሲከፍቱ፣ እንደሚተረከው፣ መኳንንቱ ገዝቶ መብላቱን አፍረው አልገባም አሉ። በኋላ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ሹማምንቱን አስከትለው ገቡ፣ በሉ፣ ሂሳብም ከፈሉ ይባላል። እኔን የሚገርመኝ የንጉሡ መክፈል ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ሆቴል የከፈተችው ሴት ሆና ሳለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ሴት ልጅ ሆቴል ቤት ለመቀመጥ ስትሳቀቅ መታየቷ ነው።

የእኛን ወረታ ተመልከቱ። ከተማችን መስቀለኛ መንገድ ላይ ናት። ወደ ደቡብ ባሕር ዳር፣ ወደ ሰሜን አዲስ ዘመንና ጎንደር፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ደብረ ታቦርና ወልድያ ነው። መንገደኛ ቁርሱን ወይ ምሳውን የሚበላባት ከተማ ስለሆነች ምግብ ቤት አይጠፋባትም። ገብታችሁ ብታዩ ወጥ የምትሠራዋ ሴት፣ እንጀራ የምትጋግረዋ ሴት፣ የምታስተናግደዋ ሴት፣ ብዙ ጊዜም ባለቤቷ ሴት ናት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚበላው ግን አብዛኛው ወንድ ነው። ሥጋ ቤት ከሆነማ አይነሣ። ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ገብተው ጥብስ ቢያዙ «የማን ናቸው?» የሚል ዓይን ይከተላቸዋል።

እኛ ደግሞ ቤታችን ስንሆን የምንበላው መጨረሻ ነው። በዓል ሲመጣ ዶሮውን ስንገነጥል፣ ሽንኩርቱን ስናቁላላ አምሽተን፣ እንግዳው ከተነሣ በኋላ ሳህኑን እየጠረግን እንቀምሳለን። ተቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ሌላ ሰው ያበሰለውን ትኩስ ምግብ ከጓደኛዋ ጋር እያወራች የበላች ሴት ቅብጠት ያደረገች የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን በወር አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ መቀመጥ ሰውን ያድሳል እላለሁ። ለባልም፣ ለእናትም፣ ለቢሮም የማይነገር ነገር የሚነገረው እዚያ ነው። ቤት ውስጥ ልጅ ያቋርጣል፣ ጎረቤት ይገባል፣ ወጡ ያራል።

የሚበላውም ቢሆን ሩቅ ፍለጋ አያስኬድም። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በ1970ዎቹ፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ነው። ያኔ ውኃ የሚተኛበትን ማሳ ምን እናድርገው ይባል ነበር፤ ዛሬ የጅግናን ስም የያዘው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ በገበሬው ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራችንን ያነጣዋል፣ ጠላችንም ውስጥ ይገባል። ባለሙያ የጋገረችው የጤፍና የሩዝ እንጀራ ላይ ትኩስ ሽሮ ሲፈስበት ያልበላ ሰው ፎገራን አውቃለሁ አይበል። ሩዝ ቶሎ ስለሚያደርቀው ግን በዕለቱ የተጋገረ መሆኑን መጠየቅ ነው። የፎገራ ከብትም በወተቱ ስም ያለው ስለሆነ፣ አይቡንና ቅቤውን ጨምሩበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማን ይክፈል?

ሁላችንም የምናውቀው ትግል አለ። ምግቡ አልቆ ቡናው ሲጠጣ፣ አንዷ «እጄን ልታጠብ» ብላ ተነሥታ በጓሮ ሄዳ ሂሳብ ትከፍላለች። ሌላዋ ስትደርስባት «ሞቼ ልገኝ!» ትላለች። አስተናጋጇ ብሩን የማንን እንደምትቀበል ግራ ገብቷት መሐል ትቆማለች። ከውጭ ለሚያየው ፍቅር ነው፤ በእርግጥም ፍቅር አለበት። ግን ብድር በምድር ነውና፣ የተጋበዘችው ቤቷ ስትገባ «የሚቀጥለው የእኔ ነው» ብላ ትመዘግባለች። መዝገቡ በወረቀት ባይሆንም አይጠፋም።

ከኮሌጅ ጀምሮ የምትቀርበኝ ጓደኛ አለችኝ። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ እሷ አነስተኛ ንግድ አላት፣ ልጆችም ታሳድጋለች። በየወሩ አብረን እንበላ ነበር። አንድ ዓመት ላይ ግን ጠፋች። ስደውልላት አንድ ቀን «ራሴን አሞኛል» ትለኛለች፤ ሌላ ቀን «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነኝ» ትላለች፣ የጾም በያይነት የማይገኝ ይመስል። ወራት አለፉ። በመጨረሻ ገበያ ላይ ተገናኝተን ስንጨዋወት እውነቱን ነገረችኝ። «አንቺ ሁለት ጊዜ ጋበዝሽኝ። በተራዬ መጋበዝ አልቻልኩም። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ትቼ ሆቴል ልግባ? ባዶ እጄን መምጣቱም አሳፈረኝ» አለች። እኔን ስላልወደደችኝ አልነበረም የራቀችው። የራቀችው ሁለት ሳህን ምግብ ዕዳ ሆኖባት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዱ «እንደ ፈረንጅ እያንዳንዱ የበላውን ይክፈል» ይላል። ለእኛ ግን አይመችም። ፈረንጅ ሳህኑ ለየብቻ ነው። እኛ አንድ ትሪ ላይ ነው የምንበላው። ከበያይነቱ ምስሩን ማን በላው፣ ጎመኑን ማን በላው ተብሎ አይቆጠርም። ጉርሻስ በማን ሂሳብ ይያዛል? አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል በሚባልበት አገር ጉራሹን ቆጥሮ መካፈል ማዕዱን ያበላሸዋል።

እኛ ያገኘነው መፍትሔ አዲስ አይደለም፤ ከዕቁብ የተወሰደ ነው። ሁለታችንም በወሩ መጀመሪያ እኩል 300 ብር እናዋጣለን፣ በወር 600 ብር ይሆናል። ወረታ ላይ አንድ ቀን ስንበላ ሽሮና በያይነት ከሆነ ከ400 ብር አናልፍም። ቀሪው 200 ብር ይቀመጣል። በ12 ወር 2,400 ብር ይሆናል ማለት ነው። እሱ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ደርሰን ስንመለስ የምንበላበት ነው። ሦስት ደንብ አለን።

የመጀመሪያው፣ የመዋጮውን ልክ የምትወስነው ገቢዋ የሚያንሰው ናት። የተሻለ የሚያገኘው ሰው ልክ ካወጣ፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል፤ ከሦስት ወር በኋላም ይጠፋል።

ሁለተኛው፣ ብሩን የያዘችው ትከፍላለች፤ ትግል የለም። በየሦስት ወሩ ያዥ እንቀያየራለን። ያዥዋ የወጣውን በስልኳ ትጽፋለች።

ሦስተኛው፣ አንደኛችን ችግር ከገጠማት የዚያ ወር መዋጮ ይቀራል፤ ወደሚቀጥለው ወር አይተላለፍም፣ ዕዳ አይባልም። በዚያ ወር የጀበና ቡና ጠጥተን እንለያያለን። ዋናው መገናኘቱ ነው።

ጉዞ ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ባሕር ዳር ከእኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ለስብሰባ፣ ለሕክምና፣ ለዕቃ ግዥ ብዙዎቻችን እንመላለሳለን። እዚያ ሄዶ የጣናን ዓሣ ሳይበሉ መመለስ ይቆጫል። ቆሮሶው ተጠብሶ፣ አምባዛው በጉላሽ ይቀርባል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወውና፣ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማኅበራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነው። ሥጋችን ቢለያይም ዓሣውና ሽሮው አይለያየንም። እንዲህ ያሉ ጓደኛሞች ሲጓዙ መጀመሪያ ሁለቱም የሚበሉትን ይዘዙ፤ አንዷ እየበላች ሌላዋ ለስላሳ ይዛ እንዳትቀመጥ።

ዋጋውን ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ነውር አይደለም። ትላልቅ ሆቴሎች ዝርዝራቸው ላይ የሚጽፉት ዋጋ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ እሴት ታክስን አያካትትም። ታክሱ 15 በመቶ ነው። የ400 ብር ምግብ አዝዛችሁ ሂሳቡ 460 ብር ቢመጣ አስተናጋጇ አልዋሸችም። የአገልግሎት ተብሎ 10 በመቶ የሚጨምሩም አሉ። 400 ላይ 40 ሲጨመር 440፣ የእሱ 15 በመቶ 66፣ በጠቅላላው 506 ብር ይሆናል። በልኩ 400 ብር ይዛ የገባች ሴት ጓደኛዋ ፊት ምን ያህል እንደምትሳቀቅ አስቡት። ስለዚህ «ታክሱን ይጨምራል?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት ያድናል። ደረሰኝም ተቀበሉ፤ ለመሥሪያ ቤት ባይሆን ለራሳችሁ መዝገብ።

ጎንደር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ለእሷ በዓመት አንዴ እንኳን ብንደርስ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ማለቴ ነው። እዚያ አራት እህትማማቾች የከፈቱት «ፎር ሲስተርስ» የሚባል ምግብ ቤት አለ። የውጭ አገር ጎብኚ የሚፈልገው ቤት ነው፤ የሚያቀርበው ግን እናቶቻችን የሚሠሩትን ወጥ ነው። በጋራ ሥራ መጀመር ለምታስቡ አባሎቻችን ቤቱን በዓይን ማየት ብቻ ትምህርት ይሆናል።

አሁን ስለ ባለቤቷ እናንሣ። ከመካከላችን ምግብ ቤትና ሻይ ቤት ያላችሁ አላችሁ። አንዲት ሴት ሽሮ በ100 ብር ትሸጣለች እንበል፤ ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ እንጀራው፣ ከሰሉና የቤት ኪራዩ ተደምሮ 80 ብር ወጪ ቢሆን ትርፏ 20 ብር ነው። «በኋላ እከፍላለሁ» ተብሎ የቀረ አንድ ሳህን የአራት ሳህን ትርፍ ይዞባት ይሄዳል። በዱቤ የሚበላው ደግሞ እንግዳ ሰው አይደለም፤ ዘመድና ወዳጅ ነው። እህትነታችንን የምናሳየው በልተን ወዲያው በመክፈል ነው። ለአስተናጋጇ የምንሰጠውንም በአማርኛ ጉርሻ ነው የምንለው፤ እንደ ማዕዱ ጉርሻ በእጇ ይሰጣት፤ ጠረጴዛ ላይ ብንተወው ለማን እንደሚደርስ አናውቅም።

ለለጋሾቻችን አንድ ቃል ልጨምር። የማኅበሩ ገንዘብ ለዚህ አይውልም፤ የብድሩም የቁጠባውም መዝገብ ለብቻው ነው። እኛም የማዕዱን መዋጮ የምናዋጣው የወሩን ቁጠባ ካስገባን በኋላ ነው። ነገር ግን ሴትን መርዳት ማለት ሥራ እንድትሠራ ማድረግ ብቻ አይመስለኝም። ብቻዋን ሳትሆን፣ ችግሯን የምትነግራት ሰው ኖሯት እንድትኖርም ነው። ቡድናችን ውስጥ ብድሯን መመለስ ሲያቅታት ቀድማ የተናገረችው አባል ከተቆጣጣሪ ኮሚቴው በፊት የነገረችው ለጓደኛዋ ነው። ጓደኛዋ ባትኖር ወሬውን የምንሰማው ከጠፋች በኋላ ነበር።

እናቶቼና እህቶቼ፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ሰሞኑን የጠፋችባችሁ ጓደኛ ካለች «ኮራሽብን» አትበሏት። ደውሉላትና «በወር ስንት ማውጣት ይመችሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። ሃምሳ ብር ካለች በሃምሳ ብር የሚገኘውን አብራችሁ ብሉ፤ ሻይና አምባሻ ቢሆንም። ቁጥሩን እሷ ትናገር፣ እናንተ ተስማሙ።