የአባት ቤት የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ሟች ትቶት ስለሚሄደው ቤት ነው። ጥሬ ገንዘብ ተቆጥሮ ይከፋፈላል። ቤት ግን እንደቆመ ይቀራል፤ ጠቡም አብሮት ይቆማል።

አንዲት እህት መጥታ እንዲህ አለችኝ፦ «አባታችን ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቤቱ ውስጥ ይኖራል፤ ሰርቪሱን ያከራያል። ድርሻዬን ስጠይቀው ‹የአባታችን መታሰቢያ እንዴት ይሸጣል? ደግሞ አንቺ የባል ቤት አለሽ› ይለኛል።» ወንድሟን አስጠራሁት። ከመጀመሪያው ሶፍ የማይጠፋ ሰው ነው። «እኔ መቼ ከለከልኳት? አልተነጋገርንበትም እንጂ» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ዝም ማለት ክልከላ ካልሆነ ምን ይባላል?

ወንድሞችና እህቶች! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ 7ኛው አንቀጽ፣ ወላጆች ከተዉት ሀብት ቢያንስም ቢበዛም ለወንዶችም ለሴቶችም የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ነግሮናል። ይህ ድርሻ የሚጀምረው ቤቱ የተሸጠ ቀን አይደለም፤ ሟች ነፍሱ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ካርታው ላይ የአባት ስም ቢቆይም ሀቁ ለወራሾች ተላልፏል።

አካሄዱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የጀናዛ ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል። የኮንዶሚኒየሙ ቀሪ የባንክ ብድር ዕዳ ነው። ለሚስት ያልተከፈለ መህርም ዕዳ ነው። ሚስት በገንዘቧ ለቤቱ ያዋጣችው ካለ ደግሞ የራሷ ሀብት ስለሆነ ውርስ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ወሲያ፣ በመጨረሻም ውርስ።

በምሳሌ እንየው። ወላጆቹ ቀደም ብለው ያረፉ ሰው ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ። ከዕዳና ከወሲያ በኋላ የቀረው ቤት 4,000,000 ብር ተገመተ። ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ 500,000 ብር ነው። ቀሪው ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ እጅ ሆኖ ሲከፈል ለእያንዳንዱ ወንድ 1,400,000፣ ለሴቷ 700,000 ብር ይደርሳል። ቤቱ በወር 8,000 ብር ቢከራይ እናት 1,000፣ ወንዶቹ 2,800 ብር እያንዳንዳቸው፣ ሴቷ 1,400 ብር በየወሩ አላቸው። ኪራዩን ለብቻው የሚበላ ሰው የእናቱንና የእህቱን ሀቅ እየበላ ነው።

«ታዲያ ቤቱ ይፍረስ ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይፈርስም። ሰፊ ከሆነና ከተመቸ በክፍል ይካፈሉታል። አለዚያ አንዱ አስገምቶ የሌሎቹን ድርሻ ይገዛል፤ ወይም አከራይተው ኪራዩን ይካፈላሉ፤ ካልተስማሙ ይሸጣል። ያ ወንድማችን አልሐምዱሊላህ ቤቱን አስገምቶ የእህቱን ድርሻ በሁለት ዓመት ሊከፍል ምስክር ባለበት ተጻጻፉ። ያለፈውንም ኪራይ አስበው ተጠያየቁ። ነገር ግን አትቸኩሉ፤ ባሏ የሞተባት ሴት የዒዳዋን አራት ወር ከአስር ቀን በቤቷ በሰላም ትጨርስ።

አባቶችም ስሙኝ። «ይህ ቤት ለትንሹ ልጄ» ብሎ መናዘዝ አይጸናም፤ ሌሎቹ ወራሾች ከሞት በኋላ ወደው ካልፈቀዱ በስተቀር ለወራሽ ወሲያ የለም። ለማይወርስ ሰው ወይም ለኸይር ሥራ ግን እስከ ሲሶ ድረስ መናዘዝ ይቻላል። አባቱ የሞተበት የቲም የልጅ ልጅ አጎቶቹ ካሉ አይወርስም፤ አያት በወሲያ ሊያስበው ይገባል። ሴቶቹን ለመንፈግ በሕይወት ሳሉ ቤቱን በወንድ ልጅ ስም ማዛወርም በደል ነው።

ከሀገሪቱ ሕግ አንጻር፣ በ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ለወራሽ የሚተላለፈው ቤቱና የይዞታው መብት ነው። ባለጉዳዮቹ በፈቃዳቸው ከተስማሙ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የውርስና የኑዛዜ ጉዳይ ያያሉ። ስለዚህ ካርታውን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የዕዳ ዝርዝሩን ባንድ ቦታ አኑሩ፤ ወሲያችሁን በምስክር ፊት ጻፉ። የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል።

ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ዕለት ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅበትም አስጠንቅቀዋል። ስንዝሩ እንዲህ ከሆነ የእህት ክፍል፣ የእናት ሳሎን እንዴት ይሆን? ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ግድግዳውን አይታችሁ የማን ሀቅ እንዳለበት ራሳችሁን ጠይቁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሀቅን ለባለቤቱ ከሚመልሱት ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ።