በግል መሬት ላይ ስለሚገኝ አገር በቀል ደን



ዛፍ የተከለ ሰው የልፋቱን ዋጋ ቢወስድ የሚቃወመው የለም። ነገር ግን ማንም ሳይተክለው፣ ከቅድመ አያት ዘመን በፊት በቅሎ የኖረ አገር በቀል ዛፍ በግል መሬት ላይ ቢገኝ፣ ባለመሬቱ እንደ ፈቃዱ ሊቈርጠው ይገባዋልን? ወይስ መንግሥት ፈጽሞ እንዳይነካው ሊከለክለው ይገባል? የኒው ዚላንድ ሕግ ከሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ መርጧልና ዛሬ እርሱን በአጭሩ እንመለከታለን።

በዚያች አገር የ1949 የደን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1993 በተሻሻለ ጊዜ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከግል መሬት የሚወጣው አገር በቀል ጣውላ ደኑ ራሱን ሊተካ ከሚችለው መጠን እንዳያልፍ ተደነገገ። ለባለመሬቱም ሁለት በሮች ተከፈቱለት። አንደኛው ቢያንስ ለ50 ዓመት የሚጸና የደን አያያዝ ዕቅድ ነው፤ ይህም በመሬቱ የባለቤትነት መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ፣ መሬቱ ቢሸጥ ወይም በውርስ ቢተላለፍ ግዴታው ከመሬቱ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው የ10 ዓመት ፈቃድ ሲሆን፣ ከቆመው እንጨት ከመቶ 10 እጅ ሳያልፍ፣ ሪሙ ከሚባለው ዛፍና ከመሰሎቹ ቢበዛ 250 ሜትር ኩብ፣ ቢች ከሚባለው ቢበዛ 500 ሜትር ኩብ ለመቍረጥ ያስችላል።

አቈራረጡም እንደ ዛፉ ጠባይ ይለያያል። ሪሙ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ አንድ አንዱ ወይም ጥቂት ጥቂቱ እየተመረጠ ይቈረጣል፤ የቢች ችግኝ ግን ብርሃን ስለሚሻ እስከ ግማሽ ሄክታር የሚደርስ ቦታ መክፈት ይፈቀዳል።

የሕጉ ዋና ብልኃት ቍጥጥሩን ያኖረበት ስፍራ ነው። በየጫካው ዘብ ማቆም አይቻልም፤ ግንዱ ግን ጣውላ ለመሆን የግድ በመሰንጠቂያ ማለፍ አለበት። ስለዚህ መሰንጠቂያዎቹ እንዲመዘገቡና ፈቃድ የሌለውን ግንድ እንዳይቀበሉ ታዘዘ። ዕቅድ ማስጠናቱ ግን ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃልና ለአነስተኛ ባለመሬት ቀላል ሸክም አይደለም።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይምሰለን፤ ዝግባችን ከሪሙ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዛፍ ነው። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም፣ የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቍጥር 1065 የግል ደንን ያውቃል። ስለዚህ ማመልከቻ የሚቀበል የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ነገር ሊያስብ ይገባዋል። ገበሬው የዝግባውን ጥቅም ፈጽሞ እንደማያገኝ ካመነ ችግኙን በቡቃያነቱ ነቅሎ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። በልክ መቍረጥ ለሚሻ ሰው ፈቃዱ ግልጽና ፈጣን ቢሆን ግን የዛፉ የመጀመሪያው ጠባቂ ራሱ ባለቤቱ ይሆናል።