ሙያ ከልብ ወደ መዝገብ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



አበው «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ብልህ ሰው ችሎታውን በአደባባይ ከማወጅ ተቆጥቦ ሥራው ራሱ እንዲመሰክርለት የሚመክር መልካም አነጋገር ነው። ይሁን እንጂ ዕውቀቱን በልቡ ቆልፎ የኖረ ባለሙያ ጡረታ ሲወጣ ወይም ከዚህ ዓለም ሲለይ ሙያውም አብሮት ይሄዳል። የዛሬው ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው፤ ይኸውም ወጣቱ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ያገኘውን ዕውቀት እንዴት እንደሚይዘውና ለማን እንደሚያስተላልፈው መመርመር ነው። ለዚህም ምርመራ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ከከበቧት ከተሞች መካከል ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በቂ ትምህርት ይሰጣሉ። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 ከመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና የቴክኖሎጂ ትምህርት እንዲከታተሉ ወሰነ። በመሆኑም ቀድሞ በጥቂቶች እጅ የነበረው የምህንድስና ዲግሪ በአጭር ጊዜ የብዙዎች ሆነ። ሥራው ግን በዲግሪው ልክ አልበዛም። አያሌ ምሩቃን በኮብልስቶን ንጣፍ ሥራ ተሰማርተው ታይተዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና እንዲያልፍ ተደረገ። ሥራ ያገኘውም ቢሆን የመዲናይቱ የቤት ኪራይ ስለሚከብደው ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ ወጥቶ ይከራያል፤ ማለዳ በሚኒባስ ወይም በመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ይገባል፤ ማታ ይመለሳል።

በዚህ ምልልስ ላይ ወጣት ባለሙያዎች የሚነጋገሩት ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አንዱ አዲስ ስለ ወጣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ያወራል፤ ሌላው ስለ ስኮላርሺፕና ስለ ቪዛ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው «አሥር ዓመት ሠርቼ ከማሽኑ ላይ የማውቀው ቁልፉን መጫን ብቻ ነው» ብሎ ያዝናል። የሦስተኛው ሐዘን ከሁሉም ይከብዳል፤ የሁለቱንም ጥያቄ በውስጡ ይዟልና።

በመጀመሪያ ወደ ቡራዩ እንመልከት። በአምቦ መንገድ የሚጓዝ ሰው በቡራዩ በኩል የገፈርሳን የውሃ ማጠራቀሚያ ያገኛል። ገፈርሳ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው፤ ስሙ የቦታውን ጥንታዊ ገጽታ ያስታውሳል። ግድቡ በ1930ዎቹ ተሠርቶ፣ የማጣሪያ ጣቢያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ታክሎለት፣ የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እስኪደርስለት ድረስ የከተማይቱን ሸክም ለብዙ ጊዜ ተሸክሟል። ዛሬም አገልግሎት ይሰጣል። እንዲህ ያለ ተቋም ዕድሜ የሚያገኘው በጥገና ነው። ደለሉን የሚለካ፣ ቫልቩን በየጊዜው ከፍቶና ዘግቶ የሚፈትሽ፣ የክሎሪኑን መጠን የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልገዋል። በማናቸውም የውሃ ተቋም ውስጥ ፓምፑ ሊታመም ሲል በድምፁ ብቻ የሚያውቅ አንድ ነባር ቴክኒሻን አይጠፋም። ወጣቱ መሐንዲስ ይህን ሰው በዲግሪው መነጽር ከተመለከተው ምንም አያተርፍም። አጠገቡ ቆሞ «ጋሼ፣ ይህ ድምፅ ምን ማለት ነው?» ብሎ ከጠየቀውና መልሱን ከጻፈው ግን በትምህርት ቤት ያልተሰጠውን ኮርስ ይወስዳል። ያልጠየቀ እንደሆነ ደግሞ ያ ቴክኒሻን የተሸኘ ዕለት ተቋሙ ጆሮውን ያጣል።

ሁለተኛው ትምህርት ከሰበታ ይገኛል። ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ምድር ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር፣ የሥራ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ ነበር። ለገሃር የሚለው የሰፈር ስም ራሱ ከዚያ ቋንቋ የቀረ ነው። በድሬዳዋ ወርክሾፕ ያደጉ ሠራተኞች ያረጀውን ሎኮሞቲቭ እየጠገኑ፣ የጎደለውን መለዋወጫ እየቀረጹ መስመሩን ለብዙ ዘመን አቆይተውታል። ነገር ግን የእነዚያ ሰዎች ጥበብ በአብዛኛው የተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነበር። አሮጌው ባቡር ሲቆም የጥበቡም ሰንሰለት ላላ።

አዲሱ መስመር ከሰበታ ተነሥቶ ጂቡቲ ይደርሳል። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ነው። የቻይና ኩባንያዎች ገንብተውት መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። በውሉ መሠረት ለስድስት ዓመታት ያህል ሥራውን የመሩት እነዚያው ኩባንያዎች ነበሩ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የሥራው አመራር ለኢትዮጵያና ለጂቡቲ ባለሙያዎች ተላለፈ።

እዚህ ላይ ርክክብ የሚለውን ቃል ማጤን ይገባል። ቁልፍ፣ ዕቃና ሰነድ በአንድ ቀን ፊርማ ይተላለፋሉ፤ ዕውቀት ግን በፊርማ አይተላለፍም። የፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ የሞተሩን ጠባይ ይነግራል። የአዋሽ ሸለቆ ሙቀት ምን እንደሚያስከትል፣ የክረምቱ ጎርፍ የትኛውን የሐዲድ መደብ እንደሚሸረሽር፣ ከብትና ግመል ሐዲዱን የሚያቋርጡት በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ስፍራ እንደሆነ የሚናገር መመሪያ ግን ከውጭ አይመጣም። ይህን መጽሐፍ መጻፍ የሚችለው እዚያው የሚሠራው ባለሙያ ብቻ ነው። በየፈረቃው ማብቂያ ምን እንደ ተበላሸ፣ ምን እንደ ተሞከረ፣ በምን እንደ ዳነ ተመዝግቦ ለቀጣዩ ፈረቃ ካልደረሰ በቀር መስመሩ በስም የአገር፣ በዕውቀት የእንግዳ ሆኖ ይኖራል።

ሦስተኛው ትምህርት ከእንጦጦ ሸንተረር ባሻገር ካለችው ከሱሉልታ ነው። እንጦጦ የውሃ ክፍፍል መስመር ነው። ወደ ደቡብ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ሲሄድ፣ ከሱሉልታ ሜዳ የሚሰበሰበው በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። ዓባይ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች ላይ ያልፋል። እንግዲህ ከሱሉልታ የሄደ ዝናብ ኤሌክትሪክ ሆኖ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ከዚያም በፊት በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል በ400 ኪሎ ቮልት መስመር በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ሱሉልታ ማከፋፈያ ጣቢያ ተዘርግቷል።

ነገር ግን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልተነገረም። በአገሪቱ ብዙ ስፍራ ታላቁ ሽቦ በጣራው ላይ እያለፈ በኩራዝ የሚያመሽ ገበሬ አለ። የምህንድስናው ምክንያት ግልጽ ነው። በ400 ኪሎ ቮልት የሚጓዝ ኃይል በትራንስፎርመር ደረጃ በደረጃ ዝቅ ሳይል፣ የማከፋፈያ መስመርም ሳይዘረጋለት ወደ ጎጆ አይገባም፤ ይህም ራሱን የቻለ ወጪ ይጠይቃል። ጥያቄው ይህን ምክንያት ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ ያስረዳው ማን ነው? የሚል ነው። በእነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው የብዙው ነዋሪ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ በ1984 ዓ.ም. በቁቤ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህም የትምህርትና የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሆኗል። መሐንዲሱ በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ በአማርኛ ሪፖርት ጽፎ፣ በኦሮምኛ ከሚናገረው ባለ መሬት ጋር መግባባት ካልቻለ ሥራው ጎዶሎ ነው።

ጎዶሎው የሚያስከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነም ታይቷል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች አጣምሮ የነደፈው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ ተቃውሞው በ2008 ዓ.ም. ተባብሶ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ዕቅዱ በዚያው ዓመት በጥር ወር ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች ከሌሎች አጎራባቾቻቸው ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከፖለቲካው ባሻገር ለባለሙያው የሚተርፍ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በካርታ ላይ የሚሰመር መስመር ሁሉ በአንድ ሰው እርሻ፣ በአንድ ቤተሰብ የቀብር ስፍራ ላይ እንደሚያልፍና ሰውየው አስቀድሞ ሊጠየቅ እንደሚገባው ነው።

ወጣቱ ባለሙያ ስለ ራሱ ዕድገት ሲያስብ እነዚህን ሦስት ትምህርቶች ቢያስተባብር ይጠቀማል። ዛሬ የምስክር ወረቀት ማግኘት ቀላል ሆኗል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለብዙዎች በር ከፍቷል፤ ይህም የሚደገፍ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ንድፍና ስሌት ያግዛል። ሆኖም መሣሪያው የሚያውቀው የተጻፈውን ነው። የገፈርሳን ፓምፕ ድምፅና የአዋሽን ጎርፍ ጠባይ ማንም ካልጻፈው ማንም ማሽን አያውቀውም። ወደ ውጭ የሚሄደውንም ወጣት መውቀስ ፍርድ አይሆንም፤ ኑሮው ያስገድደዋልና። የሚጠየቀው ሲሄድ ወንበሩን ለተተኪው ባዶ መዝገብ ጋር ትቶት እንዳይሄድ ብቻ ነው።

ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በግልገል ጊቤ አንደኛና ሁለተኛ ፕሮጀክቶች ሠርተው፣ ያንን ልምድ ይዘው የሕዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ሕይወታቸው ሲያልፍ ግድቡ ገና አላለቀም ነበር። ሥራው ግን በተተኪዎች እጅ ቀጥሎ ከሰባት ዓመት በኋላ ለምረቃ በቅቷል። ታላቅ ሥራ ከአንድ ሰው ዕድሜ ይረዝማል፤ ስለዚህ ከአንድ ሰው ልብ በላይ የሆነ ማኅደር ይሻል።

ከዚህ የተነሣ ለማኅበሩ የሚቀርቡ ሦስት አሳቦች አሉ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል አብሮት የሚሠራው ቴክኒሻን ሊያነበው በሚችለው ቋንቋ የሥራ መዝገብ ይያዝ፤ ከመዝገቡም በየዓመቱ አንድ ብልሽትና አንድ መፍትሔ ለዚህ መጽሔት ያበርክት። ሁለተኛ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የጀመረውን መንገድ በመከተል፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ጎን ለጎን የተዘጋጀ፣ ሠራተኛው በእርግጥ የሚናገራቸውን ቃላት የሚሰበስብ አነስተኛ የሙያ መዝገበ ቃላት ይሰናዳ። ሦስተኛ፣ ነባር አባል ሁሉ አንድ ጀማሪ መሐንዲስ ከጎኑ ያስከትል፤ ጀማሪውም የሚማረውን ያህል ነባሩን ስለ አዲሱ መሣሪያ ያስተምር።

ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ትዕግሥትና እርሳስ ይበቃቸዋል። ሥራውም ከነገው ፈረቃ ሊጀመር ይችላል።