የገበያ መንገድና የውኃ መውረጃ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ ጭቃ፣ ቦይና ድንጋይ ነው። ይህ ለመድረክ የማይበቃ ተራ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር አንድ ነገር እንዲያስብልኝ እለምናለሁ። ስለ ንግድ መስፋፋት ሁላችንም ብዙ እንናገራለን። ንግድ ግን የሚካሄደው በመሬት ላይ ነው። ያ መሬት በክረምት ሻጭና ገዢ የማያስቆም ከሆነ የንግዱ ነገር ከወሬ አያልፍም።

ደባርቅን እንውሰድ። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። እርሷም ሆነች ከእርሷ በፊት የምናገኛት ዳባት ከጎንደር ወደ አክሱም የሚወስደውን አውራ መንገድ ይዘው ያደጉ ናቸው። ከደባርቅ ደግሞ ሌላ መንገድ ተገንጥሎ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ጃናሞራ ይሻገራል። የደጋው ባላገር ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ድንቹንና ነጭ ሽንኩርቱን በአህያ ጭኖ፣ በጉን እየነዳ ወደ ገበያ ይወጣል። ሲመለስ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙናና ጨርቅ ይዞ ይገባል። የከተማው ሕይወት ይህ መመላለስ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ደባርቅ የቱሪስት ከተማ ናት፤ እንጀራዋም ከዚያ ነው» ይላሉ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበ አባባሉ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ሲነሣ፣ እንግዳው ቀረ። ገበያው ግን በዚያ ሁሉ መካከል ከተማውን ያኖረ ነበር። እንግዲህ ለከተማው መንገድ ስናስብ አስቀድመን ማሰብ ያለብን ለባላገሩና ለጉሊት ነጋዴዋ ነው።

አሁን ወደ ውኃው ልምጣ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። አንድ ሱቅ 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን አለው እንበል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከዚያ ክዳን ብቻ 1000 ሊትር፣ ማለት 50 ጀሪካን ውኃ ይወርዳል። እንዲህ ያሉ 200 ሱቆች በአንድ መንገድ ቢደረደሩ 200000 ሊትር ነው። ዱሮ ይህን ውኃ ሣሩና አፈሩ ይጠጣው ነበር። ዛሬ ቆርቆሮውና አስፋልቱ አይጠጡም፤ ያሳልፉታል እንጂ። ከተማው ባደገ ቍጥር የሚወርደውም ውኃ ያድጋል። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው እዚህም ይሠራል።

ጉዳቱን የሚከፍለው ማን ነው? ባለ ሱቁ ዕቃውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ያወጣል። መሬት ላይ ማዳበሪያ ዘርግታ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ግን መደርደሪያ የላትም። ከሩቅ መንደር የመጣው ገበሬም ገብሱን ከጭቃው ሳይገባ ለመሸጥ ሲል ነጋዴው በጠራለት ዋጋ ይሰጣል፤ ጭኖ መመለስ አይችልምና። ስለዚህ ጭቃው ከድኃው ላይ የሚሰበሰብ፣ ደረሰኝ የሌለው ቀረጥ ነው ብል አላጋነንኩም።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ኮብልስቶን ይነጠፍ» እንላለን። ይህ ሥራ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ በድሬዳዋ ተጀምሮ ወደ ብዙ ከተሞች የተዛመተ ነው። ለብዙ ወጣቶችም የጠራቢነትና የአንጣፊነት ሙያ ሰጥቷል። የሰሜን ተራራ ደግሞ ራሱ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ድንጋዩን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። ነገር ግን ኮብልስቶን የሚቀመጠው በአሸዋ ላይ ነው። ጎርፍ በላዩ የሚሄድ ከሆነ አሸዋውን ከሥሩ ይልሰውና ድንጋዩ አንድ በአንድ ይነቀላል። በቦይ ያልተጠበቀ ንጣፍ የጥቂት ክረምት ዕድሜ ነው ያለው።

እንደ እኔ አሳብ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የውኃው መጨረሻ ይወሰን። ከከተማው የወጣው ውኃ የት ይገባል? ከታች ባለው ገበሬ ማሳ ላይ ዝም ብሎ ከተለቀቀ ከተማው ጭቃውን አስወግዶ ለባላገሩ ቦረቦር ላከለት ማለት ነው። ስለዚህ መውጫው በድንጋይ ተደልድሎ፣ ፍጥነቱ በእርከን ተሰብሮ እስከ ወንዙ ይድረስ። ቀጥሎ ዋናው ቦይና በመንገድ ሥር የሚያልፈው ቱቦ፤ ከዚያም ከየሱቁ ፊት የሚነሣው ትንሹ ቦይ ይሠራ። በመጨረሻ ንጣፉ ይምጣ፤ እርሱም መካከሉ ከፍ፣ ዳሩ በየሜትሩ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ቦዩን ማን ይጠርጋል? በብዙ ትንንሽ ከተሞቻችን ቦይ ሲቆፈር ለሱቁ መሻገሪያ አይሠራም። ባለ ሱቁም ደንበኛው እንዲገባለት ድንጋይና አፈር ይሞላበታል። ፌስታሉ ይጨመርበትና ቦዩ እዚያ ላይ ያበቃል። ባለ ሱቁን ከመውቀስ በፊት ተነሥቶ የሚመለስ ክዳን ከቦዩ ጋር አብሮ መሥራት ይገባል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የደጁን ቦይ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ እንዲጠርግ ማዘጋጃ ቤቱ ቢያዝዝ ትእዛዙ ፍርድ ይሆናል። ለጥገናም በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው ይህን ነው።

«ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ የለውም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው። ገንዘብ የሌለው ግን ከሁሉ ይልቅ ቅደም ተከተል ያስፈልገዋል፤ አንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ለማንጠፍ አቅም የለውምና።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሥራ አቀርባለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የምሕንድስና ተማሪዎች ውኃው የት እንደሚተኛ፣ የትኛው ቱቦ እንደ ተደፈነ በካርታ ላይ ያስፍሩ። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ደግሞ በዝናብ ቀንና በደረቅ ቀን ስንት ሻጭ ገበያ እንደሚቆይ፣ የገብሱም ዋጋ ስንት እንደሚወርድ ይመዝግቡ። ይህ ወረቀት፣ እርሳስ፣ የዝናብ ልብስና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ውጤቱን ለማዘጋጃ ቤቱ ብናስረክብ የመጀመሪያው ብር የት መዋል እንዳለበት ያውቃል። ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድትሰጡ እጠይቃለሁ።