እንቅርትና የሕፃናት አእምሮ
(በካኩማ ካምፕ ለወላጆች ከተደረገ ንግግር)

እኔ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ፊደል አልያዝ ያለው ልጅ ሲገጥመኝ አንዱ «ሰነፍ ነው፣ ግረፈው» ይለኛል፤ ሌላው «እርግማን ነው» ይላል። የአንዳንዱ ልጅ ችግር የጀመረው ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ሊሆን ይችላል።

አንገታችን ላይ፣ ከፊት በኩል፣ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ለሰውነትና ለአእምሮ እድገት የሚያስፈልገውን ሆርሞን የሚሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጣ ዕጢው ሲታገል ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። በደጋው አገራችን ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ ስለሚያጥበው እህሉም ይጎድለዋል። አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ በሽታውን ከመንደራቸው ያውቁታል።

የባሰው ግን የማይታየው ነው። ነፍሰ ጡር አዮዲን በጣም ካነሳት ሊያስወርዳት፣ ወይም ልጁ አእምሮው ሳይጎለብት፣ አንዳንዴም መስማት ተስኖት ሊወለድ ይችላል። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ሲበቃ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ያስፈልጋል።

ይህ የሚገኘው ከጨው ነው። በምግብ ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር ኬንያ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ኢትዮጵያ በ2011 እ.ኤ.አ. በሕግ ደንግገዋል። ስትገዙ አዮዲን ያለበት መሆኑ ጥቅሉ ላይ መጻፉን እዩ፤ ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁን አስነብቡ። «አሞሌው ይጣፍጣል» የምትሉ አላችሁ፤ እውነት ነው፣ ግን አዮዲን አልተጨመረበትም። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእሳት አርቁት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ጨው አብዙ ማለቴ ግን አይደለም፣ ደም ግፊት አለና።

አሁን ለአራሶች። እናቱ ምንም ሳይጎድልባት ዕጢው ሳይፈጠር ወይም በደንብ ሳይሠራ የሚወለድ ሕፃንም አለ። ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል። ብዙ ስለሚተኛና ስለማያስቸግር «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ይባልለታል። ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ጡት መሳብ ከደከመው፣ ድምፁ ከሻከረ፣ ሆዱ ከደረቀ፣ ምላሱ ከተለቀ ወይም እምብርቱ ካበጠ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። በሽታው በደም ምርመራ ይለያል፤ ምርመራው እዚያ ከሌለ ወደ ሆስፒታል እንዲያስተላልፏችሁ ጠይቁ። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚሰጥ ትንሽ ኪኒን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተጀመረና ካልተቋረጠ፣ አብዛኛው ልጅ እንደ እኩዮቹ ያድጋል፣ ይማራል። ከወራት በኋላ ሲጀመር ሰውነቱ ይፋፋል፤ አእምሮው ያጣው ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ «ክርስትናው ይድረስ»፣ «አርባው ይውጣ» ብላችሁ ልጁን ቤት አታቆዩት።