ጄኔራሉ እሳቱን አጠፉ፣ መንግሥት ፍሙን ተወው

(ስለ ሌተና ጄኔራል ጃጋማ ኬሎ ሕይወት በአንድ የወጣቶች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ አንድ ጡረተኛ ጄኔራል ነው። ጡረተኛ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከዘራውን ተደግፎ የጡረታ ወረፋ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። እኚህ ሰው ግን ጠመንጃ ያነሱት ገና በ15 ዓመታቸው ነበር።

ጄኔራል ጃጋማ የተወለዱት በጥር ወር 1913 ዓ.ም. በምዕራብ ሸዋ፣ ደንዲ ውስጥ ዩብዶ በተባለ ቦታ ነው። የባለርስት ልጅ ናቸው። ፋሺስት ኢጣሊያ በሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ ሲገባ፣ አጎንብሰው የአባታቸውን ርስት እየበሉ መኖር ይችሉ ነበር። እንዲያ ያደረገ ሞልቷል! እሳቸው ግን ጫካ ገቡ። በ5 ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር አርበኛ የሚከተላቸው የጦር መሪ ሆኑ፤ «የበጋው መብረቅ» ተባሉ። ነፃነት ሲመለስ ዕድሜያቸው ገና 20 ነበር። ከዚያም በመደበኛው ጦር ውስጥ ማዕረግ በማዕረግ እየወጡ ሌተና ጄኔራል ሆኑ።

ይህን ሁሉም ያወራዋል። እኔ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ ባሌ ነው።

በ1955 ዓ.ም. ግድም የባሌ ገበሬ ሸፈተ። ለምን? መሬቱ እየተለካ ለሌላ ተሰጠ፤ ግብሩ ከበደበት፤ መክፈል ያቃተው ተነቀለ፤ አቤት ቢል ሰሚ አጣ። ሃይማኖቱና ቋንቋውም ተናቀ። ዋቆ ጉቱ መሩት፤ ሶማሊያ መሣሪያ አቀበለች። መንግሥት እግረኛ ላከ፣ አውሮፕላን ላከ፤ እሳቱ ግን ለ7 ዓመት ያህል አልበረደም።

በመጨረሻ ጄኔራል ጃጋማ ባሌ ገቡ። ልብ በሉ! ትናንት ባዕድ ወራሪን የተዋጉ ሰው፣ በገዛ ወገናቸው ላይ መዝመት ግድ ሆነባቸው። ይህን ልሸፋፍን አልመጣሁም። ጦሩ ማስጨነቁን አላቆመም፤ የሶማሊያም እጅ አጥሮ ነበር። ነገር ግን ጄኔራሉ የያዙት ጥይት ብቻ አልነበረም። ራሳቸው ኦሮሞ ናቸው፤ ከዋቆ ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚ አላሻቸውም። በ1962 ዓ.ም. ዋቆ እጃቸውን ሰጡ፤ ምሕረት ተደረገላቸው። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በ1937 ዓ.ም. አርበኛውን በላይ ዘለቀን የሰቀለው ይኸው መንግሥት ነው!

እሺ፣ ከዚያስ? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጄኔራሉ ድርሻቸውን ተወጡ። የመሬቱን ጥያቄ መፍታት ግን የጄኔራል ሥራ አልነበረም፤ የመንግሥት ነበር። መንግሥት ሽፍታው ገባልኝ ብሎ ተኛ። ተማሪው «መሬት ለአራሹ» እያለ ሲጮህ አልሰማም። በ1966 አብዮቱ ጠራርጎ ወሰደው። ዋቆም በደርግ ዘመን ተመልሰው ጫካ ገቡ።

ጄኔራል ጃጋማ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ባለሥልጣናቱንና ጄኔራሎቹን ሲረሽን ከሞት የተረፉ ሰው ናቸው። በጡረታ ኖረው፣ ንጉሡንም ደርግንም ተሻግረው፣ መጋቢት 29 ቀን 2009 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አረፉ። የሰሜኑን ጦርነት አላዩም። እኛ ግን አየን። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም፣ ከቀናት በኋላም የሁለቱ ወገን የጦር አዛዦች ናይሮቢ ላይ ሲጨባበጡ፣ ወታደር ተኩስ ማስቆም እንደሚችል ዳግመኛ አየን።

ወገኖቼ፣ ፍሙ ከአመድ ሥር ካለ ግን ነፋስ ይበቃዋል። ተኩስ የሚያቆመው ጄኔራል ነው፤ ሰላም የሚያመጣው ፍትሕ ነው። ጃጋማን የምናከብር ከሆነ ቀረርቶው ብቻ አይበቃም። ወንድም በወንድሙ ላይ እንዲዘምት ዳግመኛ ጄኔራል እንዳይላክ፣ የገበሬውን አቤቱታ ጠመንጃ ከማንሳቱ በፊት የሚሰማ መንግሥት እንጠይቅ።