«ሁለት ባላ ትከል»፦ ባዮሎጂን ከሌላ ትምህርት ጋር አጣምሮ ስለ መማር

ከዚህ በታች የቀረበው በካኩማ የስደተኞች ካምፕ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው በመምህራን ስም የተደረገ ንግግር ነው። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።



 ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የብዙ ልጆቻችንን የወደፊት ኑሮ የሚነካ ነው።

ባዮሎጂ የሚወድ ተማሪ «ወደፊት ምን ትሆናለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዶክተር» ይላል። ምኞቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የሕክምና ትምህርት በር ጠባብ ነው። ክፍያው ከባድ ነው፣ የትምህርቱ ዘመን ረጅም ነው፣ ውጤት ያለው የአገሬው ተማሪ እንኳ ተሰልፎ ይመለሳል። ለስደተኛ ተማሪማ በሩ ይበልጥ ይጠባል። በሩ ሲዘጋበት ታዲያ ባዮሎጂውንም አብሮ የሚጥል ልጅ አይተናል። ጎበዝ የነበረ ልጅ «ሕክምና ካልሆነ ምን ያደርጋል?» ብሎ ደብተሩን ከሰቀለ ጉዳቱ የእሱ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው።

እኛ የምናስተምራችሁ አብዛኞቻችን ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የመማር ዕድል አላገኘንም። የምንነግራችሁ ያነበብነውንና ቀድመው ዩኒቨርሲቲ የገቡትን ጠይቀን የተረዳነውን ነው። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። የዛሬው ምክራችንም ይኸው ነው።

ማጣመር ማለት ምን ማለት ነው?

መንገዱ አራት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁለት ትምህርቶችን እኩል ዋና አድርጎ መያዝ ነው። ይህ ሸክሙ ከባድ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ተጨማሪ ዓመት ይጠይቃል። ሁለተኛው ባዮሎጂን ዋና፣ ሌላውን ንዑስ ትምህርት ማድረግ ነው። ሦስተኛው ቀድሞውኑ የተጣመረ የትምህርት ክፍል መግባት ነው፤ ባዮኬሚስትሪ፣ ባዮስታቲስቲክስ፣ የሕዝብ ጤናና የአካባቢ ሳይንስ የዚህ ዓይነት ናቸው። አራተኛው አንዱን ጨርሶ ሌላውን መቀጠል ነው፤ ለምሳሌ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በኋላ በሕግ ወይም በሕዝብ ጤና መማር።

አንድ ልዩነት አስተውሉ። በአሜሪካና በካናዳ ተማሪው ከገባ በኋላ ትምህርቶቹን እየመረጠ ማጣመር ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍሉ የሚመረጠው ገና ማመልከቻ ሲሞላ ነው። ስለዚህ ማሰብ ያለባችሁ አሁን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን።

ሌሎች እንዴት ሠሩበት?

የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ግሬጎር ሜንዴል በቪየና ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ሂሳብ ተምሯል። አተር የሚያዳቅሉ ሰዎች ከእሱ በፊትም ነበሩ፤ ሜንዴል ግን ቆጠረ። በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ በሁለተኛው ትውልድ ከ7,324 ፍሬዎች 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ዎቹ የተጨማደዱ መሆናቸውን አሳየ። አካፍላችሁ ተመልከቱት፤ ሦስት ለአንድ ያህል ነው። በክፍል የምንማረው ሕግ የተገኘው ባዮሎጂና ሂሳብ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ስለተገናኙ ነው።

ከአገራችን ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማን እንውሰድ። በ1964 ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት አድዋ በነበሩበት ጊዜ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው መንገድ ይቆረጣል። ይህን ለማስተዋል ባዮሎጂ በቃ። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው ወደ ኬሚስትሪ ተሻገረ፤ ገዳዩ ንጥረ ነገር ምንድን ነው? ኬሚስቶች ለይተው ሲያወጡት በስማቸው ሌማቶክሲን ተባለ። ቀጥሎ የእርሻ ጥያቄ መጣ፤ የትኛው የእንዶድ ዓይነት ይሻላል? እንዴትስ ይመረታል? በዚህ ላይ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደክመው ሠሩ። ሁለቱም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተካፈሉ። እናቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ የነበረው ከጥንት ጀምሮ ነው። የጎደለው የእነሱን ዕውቀት፣ ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪንና እርሻን የሚያገናኝ ሰው ነበር።

ሌላው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ናቸው። ገበሬ የሆናችሁ አባቶች አቀንጭራን ታውቁታላችሁ። የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና ከማሽላው ሥር የሚወጣው ኬሚካል ሲደርሰው ይነቃል፤ ከዚያም ሥሩ ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጠምጣል። ይህን ምስጢር ለመፍታት የዘር ማዳቀል ሙያና ባዮኬሚስትሪ ባንድነት አስፈልገዋል። ፕሮፌሰሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች በማውጣታቸውና ለሱዳን ድርቅ የሚችል ድቅል ማሽላ በማበርከታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ባዮሎጂ ከሕግ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር ጤፍን ያስታውስ። በ2007 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከጤፍ ዱቄትና ከአዘገጃጀቱ ጋር የተያያዘ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ይህ መብት በኔዘርላንድ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ሕግ ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለ እህሉ ይቸገራል፤ እህሉን ብቻ የሚያውቅም በሕጉ ፊት ዝም ይላል።

በካምፓችንስ?

ሩቅ አገር መሄድ ሳያስፈልግ እዚሁ እንመልከት። በአንድ ሠፈር 30 ሰዎች፣ በሌላው 20 ሰዎች ተቅማጥ ያዛቸው እንበል። የትኛው ይብሳል? ብዙዎቻችሁ 30 የያዘበትን ትላላችሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው ሠፈር 3,000፣ ሁለተኛው 1,000 ነዋሪ ካለው በመጀመሪያው ከሺህ ሰው 10፣ በሁለተኛው ከሺህ 20 ታመዋል ማለት ነው። ውሃው ቶሎ መመርመር ያለበት በሁለተኛው ሠፈር ነው። ይህ ባዮሎጂና ስታቲስቲክስ ሲጣመሩ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ሕይወትም ያድናል።

የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ በተለመደው ሕክምና ስድስት ወር መድኃኒት መውሰድ አለበት። በሁለተኛው ወር ሲሻለው ካቆመ በሽታው ይመለሳል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ይህን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በስዋሂሊ በትክክል የሚያስረዳ፣ ባዮሎጂንም ቋንቋንም የሚያውቅ ሰው ለጤና ጣቢያ ትልቅ ሀብት ነው።

መምህርነትም አለ። በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚሆን ሰው በዩኒቨርሲቲ ሁለት የማስተማሪያ ትምህርቶች ይዞ ይሠለጥናል፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሂሳብ፣ ባዮሎጂና እርሻ የተለመዱ ናቸው። ልጅ ባለበት ሁሉ መምህር ይፈለጋል።

ከመምረጣችሁ በፊት

አንደኛ፣ ሁለተኛውን ትምህርት ስሙ ስላማረ ብቻ አትምረጡ፤ ውጤታችሁንና ፍላጎታችሁን ጠይቁ። ሂሳብ የሚከብደው ልጅ ባዮስታቲስቲክስ ቢገባ ሁለቱንም ባላ ያጣል። ኬሚስትሪን ግን ማንም እንዳይንቅ እንመክራለን። ያለ ኬሚስትሪ የባዮሎጂ ትምህርት ከፍ እያለ ሲሄድ ይጨልማል።

ሁለተኛ፣ የነጻ ትምህርት ዕድሉን ደንብ አንብቡ። ዳፊ የተባለው በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩል የሚሰጠው ዕድል ከ1992 ጀምሮ ብዙ ስደተኞችን አስተምሯል። ሆኖም ማንኛውም ዕድል የሚከፍልበት ዘመን የተወሰነ ነው። ሁለት ዋና ትምህርት ይዛችሁ አንድ ዓመት ቢጨመር ማን ይከፍላል? ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ በርቀት ወይም በኮምፒዩተር የሚሰጥ ትምህርት ከሆነ ስለ ቤተ ሙከራው ጠይቁ። ማይክሮስኮፕ ሳይነኩ የባዮሎጂ ዲግሪ መያዝ ሥራ ስትፈልጉ ያሳፍራችኋል።

አራተኛ፣ የት እንደምንኖር አናውቅም። ወደ አገራችን ልንመለስ፣ እዚሁ ልንቆይ፣ ወይም ሦስተኛ አገር ልንሄድ እንችላለን። ሐኪም፣ ነርስና ፋርማሲስት በየአገሩ ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ስታቲስቲክስ፣ ኮምፒዩተርና ቋንቋ ግን ድንበር ሲያቋርጡ ብዙም አይከብዱም። አንዱ ባላችሁ ተሸክማችሁት የምትሄዱት ዓይነት ቢሆን መልካም ነው።

እናቶችና አባቶች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ «ባዮሎጂና እርሻ ልማር» ሲል «ከእርሻ ሸሽተን መጥተን!» አትበሉት። ሴት ልጃችሁም «ባዮሎጂና ሂሳብ» ስትል «ሂሳብ ለወንድ ነው» አትበሏት። ውሃ ከመቅዳትና ምግብ ከማብሰል ቀንሳችሁ ማታ አንድ ሰዓት ብትሰጧት ከማንኛውም ምክራችን ይበልጣል።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እስከ 2030 ከመቶ ስደተኛ ወጣቶች 15ቱ ከፍተኛ ትምህርት እንዲያገኙ ዓላማ ይዟል። ዓላማው ቢሳካ እንኳ 85ቱ ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ዕድሉ ለደረሰው ልጅ አንድ ጊዜ የሚመጣ ነው፤ አስቦ ይጠቀምበት። ላልደረሰውም ባዮሎጂው ከንቱ አይደለም። ውሃ አፍልቶ የሚጠጣ፣ ለጎረቤቱ ስለ ወባ የሚያስረዳ፣ በከረጢት አፈር ጎመን የሚያበቅል ሰው የተማረውን ከኑሮው ጋር አጣምሯል።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻ ለሚሞሉ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ እንገኛለን። ውጤታችሁንና ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነባለን።